ቀለሙ እውነት ነው?

ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ፣ አዌቱ ደፍርሶ፣
የቦሳ ኪቶ ጭቃ ደጃፋችን ደርሶ፣
በአራተኛው ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣
ፀሐይ ብቅ አለች ከቆርቆሮው ኋላ።

ሮጥኩኝ፣ ሜትሬን ካንገቴ ሳልፈታ፣
የመጨረሻውን ክር በጥርሴ በጥሼ ባንድ አፍታ፤
በክረምት ጅማ ላይ ብርሃን ማለት ባለዕዳ ነው፣
አየሁት ስትይ ነው ባቋራጭ የምታጪው።

ነጂብ፣ የሻይ ትሪውን ያዝልኝ! ከፍ! ወደ ግራ!
(ትሪው ነው ጥላ የሚያባርር፣ ፊት የሚያበራ።)
ነጩን አንሶላ ከግድግዳው ስንጥቅ ላይ ወጠርኩ፣
ባለ ሦስት እግሯን በርጩማ ከፊቱ አኖርኩ፣
የጎረቤቴን ልጅ፣ ረውዳን፣ ከነጭቃ እግሯ
አንስቼ አቆምኳት፣ ከነሸንኮራዋ።

«ሳቂ» ስላት ታኮርፋለች፣ «ቁሚ» ስላት ትዞራለች፤
ቢጫ ቀሚሷን ትታ ዶሮዋን ታያለች።
አሥራ ሰባት ፎቶ። አሥራ አራቱ ጀርባ ናቸው።
ሁለቱ ደግሞ የነጂብ አውራ ጣት አለባቸው።
አንዷ ግን፣
ረውዳ ጎንበስ ብላ ኪሷን አገኘችው፣
እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ከተተችው፣
ለካ ኪስ ኖሯት አያውቅም ከዚህ ቀን በፊት፤
ያን ጊዜ ሳቀች፣ ከላይ ሁለት ጥርስ በጎደለበት።

ቴሌግራም ላይ ወጣ፦ «ለአራት ዓመት፣ በእጅ የተጠለፈ፣
ጥጥ፣ ባለ ሁለት ኪስ»፤ ዋጋው ከሥር ተጻፈ።

ከፎቶው ጠርዝ ወዲያ ያለውን ማንም አላየ፦
ባልዲው፣ የተላጠው በር፣
ትሪ የያዘው የነጂብ ክንድ ሲንቀጠቀጥ፣
የቤት ኪራይ ደብተር፣
አልጋ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀው ቁርጥራጭ፣
መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ አበባ የጠለፍኩበት ሌሊት።
ከአበባው አንዱ ቅጠል ጠማማ ነው።
እሱ ግን ፎቶው ውስጥ ገብቷል። ጠማማው ገብቷል።

ማታ ከቦንጋ ጻፈችልኝ አንዲት የማክዳ እናት፦
«ቀለሙ እውነት ነው? ወይስ የፀሐይ ብልሃት?»

ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።
«እንደ አስኳል» ልላት፤ የፈረንጅ ዶሮ ወይስ የሐበሻ?
«እንደ ሙዝ»፤ የቱ ሙዝ? የትናንቱ? የአራት ቀኑ?
ቀሚሱን ከአምፖሉ ሥር ዘረጋሁት፣ ብርቱካን ሆነ፤
በስልኩ መብራት አየሁት፣ ሎሚ ነው፣ ሌላ ልብስ።
እኔው የሰፋሁትን እኔው አላውቀውም።

ትዝ አሉኝ አባ ዲጋ፣ ሂርማታ በረንዳ ላይ
ሲንጀራቸውን ባንድ ጤነኛ እግር የሚረግጡት፣
ሥራዬን ባሳየኋቸው ቁጥር ፊቱን ሳያዩ የሚገለብጡት፦
«ፊቱ ለገዢ ነው ልጄ፤ ሕፃኑን የሚነካው ውስጡ፤
በአበባ ብትሸፍኚው የሚያሳክክ ስፌት አይሆንም ድብቁ።»

ገለበጥኩት።
ያለ አንሶላ፣ ያለ ትሪ፣ ያለ ረውዳ፣
ስፌቱን፣ ቋጠሮውን፣ ክሩ የሄደበትን መንገድ ሁሉ፣
ጠማማውን ቅጠል ከነጀርባው
አነሳሁና ላክሁላት። ከሥሩም፦
«እርድ የነካው ጥፍር፣ በሁለተኛው ቀን ሲታጠብ፤ ቀለሙ እሱ ነው።
ሲታጠብ ደግሞ ትንሽ ይፈዛል። አልዋሽሽም።»

«እየጻፈች ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይላል።
እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ጨርቅ የለበትም፣
እግሬ ሥራ እንዳይፈታ ብቻ።
«ጫፉ ይረዝማል? ልጄ ቶሎ ቶሎ ነው የምታድገው።»
«አራት ጣት አጥፌበታለሁ። በየዓመቱ ፍቺው።»

ቅዳሜ በቦንጋ ሚኒባስ፣ በረዳቱ እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሄደ።
ረውዳ ደጃችን ቆማ
የዱሮ ቀሚሷን ጎንና ጎን ትዳብሳለች፣
የነበረ ነገር እንደጠፋበት ሰው።
ከከረጢቱ አንድ ቢጫ ቁራጭ መዘዝኩ፣ መዳፍ ታክላለች።
«ነይ እስቲ፣ በየት በኩል ይሁን?»
«በሁለቱም» አለችና
ሸንኮራዋን አስያዘችኝ።